ልክ ሲወሰድለት የቆመ ሰው

ሐዋሳ፣ ግንቦት ማለቂያ

እህት ዓለሜ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ ደህና ነን። እናቴን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ስምሽን ሳነሳባት «ያቺ ለግላጋ ባሕር ሲሻገሩ አፍ ይዘጋል ያላት ማነው?» አለችኝ። እኔም ዝም ብዬ መክረሜን አልነገርኳትም። የኩርፊያ ዝምታ እንዳልነበረ አንቺም ታውቂዋለሽ። ስልክ ተቀየረ፣ ልጆች መጡ፣ ሥራው በዛ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ይህን ያህል ከርሞ «ሰላም ነው?» ብቻ ብሎ መላክ ለሁለታችንም ከበደን። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት አንፈልግለት።

ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ያለው የፈረንሳዊው ሠዓሊ የአንትዋን ዋቶ «ፒየሮ» የሚታይበት ፖስትካርድሽ ደርሶኛል። ያመጣችልኝ ልጅ ሱቄን ፍለጋ ፒያሳን ስትዞር ውላለች፤ እኔ ወደ አረብ ሰፈር ከገባሁ ቆየሁ፣ ለካ አልሰማሽም። ከጀርባው የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት፦ «ይሄን ሰውዬ ሉቭር አየሁት። እኛን መሰለኝ። ለምን እንዲህ ከፋው?» ካርዱን መስታወቱ ጥግ ላይ ሰክቼው የደንበኛ ልክ በወሰድኩ ቁጥር ሳየው ሰነበትኩ። ልጄም ትልቁን ፎቶ በስልኩ አውርዶልኝ ቁልፍ በቁልፍ እያሰፋሁ ተመለከትኩት፤ ስለ ሠዓሊውም ያገኘውን ሁሉ እየተረጎመ አነበበልኝ። መልሴ ስለሚረዝም ቡና አፍልተሽ ተቀመጪ። ባጭሩ ከፈለግሽው ግን ሰውየው አልከፋውም ባይ ነኝ።

ከልብሱ ልጀምር፣ እኔ የማውቀው እሱን ነው።

የለበሰው ነጭ ሳቲን ነው። ሰፊ እጀ ጠባብ በይው፣ ከአንገት እስከ ታች በቁልፍ የተደረደረ፣ አንገቱ ላይ ሽንሽን ያለው ኮሌታ። እጅጌው ከክንዱ ስለሚረዝም ተሰብስቦ ክርኑና አንጓው ላይ ተከማችቷል። ሱሪው ደግሞ ተቃራኒው፤ ሰፊ ነው ግን ያጥራል፣ ቁርጭምጭሚቱ ይታያል። ጫማው ላይ ሪባን ታስሯል። ባርኔጣው ክብ ነው፣ ወደ ኋላ ገፋ ተደርጓል። ሳቲን መስፋት እንዴት እንደሚያስለቅስ እኔን ጠይቂኝ። ከመቀስ ሥር ይንሸራተታል፣ ስፒል የገባበት ቦታ ነቁጥ ይተዋል፣ ስፌቱ ትንሽ ከጠበቀ ይኮማተራል። ነጭ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ያጠገቡን ቀለም ሁሉ ይሰርቃል። አንትዋን ዋቶ ይህን ያውቅ ነበር። ፎቶውን አሰፊና ነጩን ፈልጊው፤ ግራጫ ታገኛለሽ፣ ከሰማዩ የተዋሰ ሰማያዊ ታገኛለሽ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ እጥፋት ታገኛለሽ፣ ጥርት ያለ ነጭ ግን የሚገኘው ብርሃኑ የመታቸው ጥቂት ጠርዞች ላይ ብቻ ነው። እዚህ ገበያ ሳቲን ሲሸጥ ነጋዴው ጣቃውን ወደ ደጅ አውጥቶ በፀሐይ የሚያገላብጠው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ ልብስ ለዚህ ሰው አልተሰፋም። ትከሻው ወርዷል፣ እጅጌው ተርፏል፣ ሱሪው አንሷል። ፒየሮ የሚባለው ገጸ ባሕርይ በጣልያን ኮሜዲ ውስጥ የዋህ አሽከር ስለሆነ ሰፊ ነጭ ልብስ ወጉ ነው፣ እሺ። ነገር ግን ኬሉስ የሚባል መኳንንት ወዳጁ ስለ ዋቶ ሲጽፍ፣ ሠዓሊው ቤቱ ውስጥ የድግስና የኮሜዲ ልብሶች እንደነበሩትና ሴትም ይሁን ወንድ እንዲቆምለት የፈቀደውን ሰው እነሱን እያለበሰ ይስል እንደነበር ተናግሯል። ይህን ስሰማ ሳቅሁ። ስንት የባህል ቡድን ነው አንዱን ልብስ ለአምስት ሰው የሚያለብሰው! እነ ዋቶም ያው ናቸው።

ልክ ላልሆነው ልብስ ባለቤት ምን ታደርጊለታለሽ? ታቆሚዋለሽ። «ቀጥ በል፣ እጅህን ልቀቅ፣ ወደ ፊት እይ» ትይዋለሽ። አሁን ካርዱን ተመልከቺ። ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ሁለቱን እጆቹን ወደ ጎን ለቋል፣ እግሮቹ ትንሽ ተከፍተዋል፣ ፊቱን ወደ ፊት ሰጥቷል። ልክ ሲወሰድለት የቆመ ሰው ነው! ሜትር አንገቴ ላይ ሆኖ ከመስታወቱ ፊት ያቆምኩት ደንበኛ ሁሉ እንዲህ ነው የሚቆመው፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁም ሙሽራውም። እጅ ሥራ ሲያጣ ይንጠለጠላል፤ ፊትም ሥራ ሲያጣ እንደዚሁ ነው። ከውጭ የሚያይ ሰው ያዘነ ይመስለዋል።

መልሱን እኮ አንቺው ድሮ ነግረሽኛል። በአንድ ምሽት ጎጃሜም ጉራጌም ሲዳማም ስትሆኚ፣ እኔ ከመድረኩ ጀርባ ስፒል በአፌ ይዤ ወገብሽን ሳጠብ፣ ፊትሽ ላይ ምንም አይታይም ነበር። ያኔ «ከፍቶሻል እንዴ?» ስልሽ «አይ፣ ፊቴን ለመድረኩ እያስቀመጥኩለት ነው» አልሽኝ። ከዚያ ከበሮው ሲመታ ጥርስሽ እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ በራ። ዋቶ የሳለው ጥርስ የሚበራበትን ሰዓት አይደለም። ፊት ገና ለማንም ያልተሰጠበትን ሰዓት ነው የመረጠው።

«ታዲያ ዓለም ሁሉ ለምን ያዘነ ነው ይለዋል?» ትይኝ ይሆናል። በኋላ የመጣ ነገር ነው። ሥዕሉ የተሠራው በ1718 ወይም 1719 አካባቢ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ እንደሆነ ይገመታል። ዋቶ በ1721 በ36 ዓመቱ ሞተ፤ ደረቱን ይታመም ነበር። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ስለዚህ ሥዕል ማንም የጻፈው ነገር አልተገኘም። ብቅ ያለው የናፖሊዮን ዘመን የሉቭር ዲሬክተር የነበረው ቪቫን ዴኖን ከገዛው በኋላ ነው። የሸጠለት ነጋዴ ገዢ ቢያጣ ጊዜ ሸራው ላይ በጠመኔ፣ ፒየሮ እናንተን ደስ የሚያሰኝበት ጥበብ ቢኖረው ምንኛ ደስ ባለው የሚል ስንኝ ጽፎበት ነበር ይባላል። ከዚያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዴቡሮ የሚባል ተዋናይ ፓሪስ ውስጥ ፒየሮን ፊቱን ዱቄት ቀብቶ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ እየተጫወተ ከተማውን አሳበደ። ፒየሮ ማለት ያፈቀራት የማታፈቅረው፣ ጨረቃ ላይ የሚያንጋጥጥ ምስኪን ሆነ። ሰዎች በዚያ ዓይን ወደ ኋላ ዞረው የዋቶን ሰውዬ ሲያዩት እንባ አዩበት። ሠዓሊውም ታሞ በወጣትነቱ የሞተ ስለሆነ «ራሱን ነው የሳለው» አሉ። ፒካሶም በ1905 ተንከራታች የሰርከስ ሰዎችን ሲስል፣ ባለ ብዙ ቀለም ጥብቆ የለበሰውን አርሌኪን የራሱን መልክ ሰጥቶታል ይባላል፤ ያ የሱ ጉዳይ ነው። ፒየሮን ግን ቀረብ ብለሽ እዪው፤ ፊቱ ዱቄት የለውም፣ ጉንጩ ቀላ ያለ ነው፣ ጭምብልም የለውም። እንባም የለም።

እኛ ደግሞ ቅኔ ስለለመድን ሰሙን እያየን ወርቁን እንቆፍራለን። ሳቲኑ ሰም ነው፣ ከሥሩ ሐዘን ያለበት ወርቅ አለ ብለን እንጀምራለን። እኔ ግን እዚህ ሥዕል ላይ ሠዓሊው የደከመው ለሰሙ ይመስለኛል።

ፒየሮ ዝም ማለቱን በተመለከተ ግን የማይታለፍ ታሪክ አለው። የጣልያን ተዋንያን በ1697 በሉዊ 14ኛ ትእዛዝ ከፓሪስ ተባረሩ፤ ተመልሰው የገቡት ንጉሡ ከሞተ በኋላ፣ በ1716 ነው። በመካከሉ የነሱን ቀልድ የወረሱት በሴንት ዠርሜንና በሴንት ሎራን ዓመታዊ ገበያዎች ላይ የሚጫወቱ ቡድኖች ነበሩ። የንጉሡ ትያትር ቤት ደግሞ መብቴ ተነካ ብሎ ከሰሳቸው፤ በመድረክ ላይ እርስ በርስ መነጋገር ተከለከሉ። ምን አደረጉ መሰለሽ? ቃሉን በትልልቅ ሰሌዳ ጽፈው ለተመልካቹ አሳዩ፤ ሕዝቡ በሚያውቀው ዜማ ራሱ ዘፈነላቸው፣ እነሱ እጅና እግራቸውን ብቻ አንቀሳቀሱ። የኛ ሰው ቢሆን እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። ሉቭር ሥዕሉን ካደሰው በኋላ ከጥቅምት 2024 እስከ የካቲት 2025 ባሳየው ዐውደ ርእይ ላይ ፒየሮን ቃል የሌለው ተዋናይ ማለቱ ለዚህ ይመስለኛል። አንቺም ያየሽው ታጥቦ ከወጣ በኋላ መሆን አለበት፤ በካርዱ ላይ እንኳን ሰማዩ ጠርቷል።

እዚያ ሥዕል ላይ ካሉት ሁሉ ልቤን የያዘው ግን ሰውየው ራሱ አይደለም፤ አህያው ነው። ከእግሩ ሥር፣ ከጉብታው ወዲያ ሌሎቹ ተዋንያን ከደረታቸው በላይ ብቻ ይታያሉ። በግራ ጥቁር የለበሰው ዶክተሩ አህያ ላይ ተቀምጧል፤ በዚያ ኮሜዲ ዶክተር ማለት ብዙ የሚያወራና ምንም የማያውቅ ምሁር ነው። በቀኝ ያሉት ፍቅረኞቹና መቶ አለቃው ናቸው፣ በራሳቸው ጨዋታ ተጠምደዋል፤ አህያውን በገመድ የሚስቡት ይመስላሉ። (በነገራችን ላይ ሥዕሉን በ1869 ለሉቭር ያወረሰው ሉዊ ላ ካዝ ራሱ ሐኪም ነበር። በዚያ ዶክተር ላይ ስቆ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።) አህያው በአንድ ዓይኑ ቀጥ ብሎ ያየናል። አንድ ዓይኑን ብቻ ነው የምናየው።

አሁን የቤተ ክርስቲያናችንን ግድግዳ አስታውሺ። ልጅ ሆነን ቄሱ እንደነገሩን፣ ጻድቁ ሁለት ዓይኑ ይሳላል፣ ኃጥኡና ሰይጣኑ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። በዚህ ሕግ ከሄድን ፒየሮ ጻድቅ ነው፤ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን፣ ከሁሉም ከፍ ብሎ፣ ክቡ ባርኔጣ ደግሞ ከራሱ ጀርባ እንደ አክሊለ ብርሃን ተዘርግቶለት። አህያው ሰይጣን ሊሆን ነው። ግን እዪው እንጂ! ከሁሉም ይልቅ የገባው እሱ ነው የሚመስለው። ሕጋችን እዚህ ይሰበራል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ዋቶ ስለኛ ሕግ የሚያውቀው ነገር የለም፣ ፊት ለፊት የተሳለ ሰው ግን የትም አገር ቢሆን ክብር አለው፤ አሽከር ሲሆን ደግሞ ክብሩ ያስደነግጣል። በዚያ ዘመን ሰው ሙሉ ቁመቱን፣ ይህን በሚያህል ሸራ የሚያስለው መኳንንቱ ነበር። ሸራው 1 ሜትር ከ85 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ፒየሮ የእውነተኛ ሰው ቁመት ሊያክል ምንም አይቀረውም። ሜትሬን ይዤ ብሄድ ልኩን ከሸራው ላይ ወስጄ ሱሪውን አስተካክልለት ነበር። ሠዓሊው ደግሞ ዝቅ ብሎ ነው ያየው፤ አድማሱ ወርዷል፣ እኛ ከታች ቆመን ቀና ብለን እናየዋለን። ለንጉሥ የሚሰጠውን ቦታ ለአሽከር ሰጠው።

ከዚህ ተነስተው አንዳንድ ተመራማሪዎች ጲላጦስ ጌታን ለሕዝቡ አውጥቶ «እነሆ ሰውዬው» ያለበትን ሥዕል አስታውሰዋል። ልጄ ይህን ሲያነብልኝ ትዝ ያለኝ የኛው ኵርዓተ ርእሱ፣ የእሾህ አክሊል የደፋው የጌታ ሥዕል ነው፤ ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት የሚወጡት፣ በ1868 መቅደላ ላይ ሆምስ የሚባለው የእንግሊዝ ሙዚየም ሰው ወስዶ ለራሱ ያስቀረው። እሱም የአውሮፓ ሠዓሊ እጅ ነው። የጲላጦስ ወታደሮች ጌታን ሊዘብቱበት ቀይ ልብስ አልብሰውት፣ የእሾህ አክሊል ደፍተውለት የለ? ሰው አልብሶ መሳለቅ ከዚያ በፊትም ነበረ። አቋቋሙ ይመሳሰላል፣ ከታች ያለው ሕዝብም፣ አህያውም ሆሳዕናን ያስታውሳል፤ ይህን አልክድም። ግን ከዚያ በላይ አልሄድም። ኵርዓተ ርእሱ ፊት ስትቆሚ ጉልበትሽ ይታጠፋል፣ ፒየሮ ፊት ስትቆሚ የራስሽ እጅ የት እንደሚቀመጥ ይጠፋሻል። ልዩነቱ ለኔ ይሄ ነው። በቀኝ ጥግ ያለውን የድንጋይ ራስ ደግሞ አትርሺ፤ የፈረንጆቹ የጫካ አምላክ ነው፣ ጭፈራና ምኞት የሚወድ። ከጌታ ሕማማት ጋር እንዴት እንደሚሄድ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

እዚህ ስለ ልብስና ስለ መድረክ በየዓመቱ እጨቃጨቃለሁ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ ሲቃረብ ሱቄ በባህል ቡድኖች ይሞላል። ዩኔስኮ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2015 በዓሉን ከመዘገበው ወዲህ እንግዳው በዝቷል፤ ለእንግዳ የሚጨፍረውም እንዲሁ። ጉዱማሌ አደባባይ ላይ ቄጣላ ሊጨፍሩ የሚወጡት ሽማግሌዎች የለበሱት የራሳቸውን ነው፤ ያረጀ ቢሆን፣ ቢታጠፍ፣ ከሰውነታቸው ጋር አድጓል። እኔ ለመድረክ የምሰፋው ከሩቅ እንዲታይ ቀለሙ የጮኸ፣ በሁለት ደቂቃ እንዲወልቅ ጀርባው በማጣበቂያ የተሠራ ነው። አንድ ወጣት ተወዛዋዥ መጥቶ «እውነተኛውን ስፊልኝ» ይለኛል። እውነተኛውን ከፈለግህ አያትህ ዘንድ ሂድ እለዋለሁ። የመድረክ ልብስ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ለለበሰው ሳይሆን ለሚያየው የተሰፋ ነው፤ ስለዚህ የለበሰው ሰው ውስጡ ይተርፋል። እንደዚያ ነጭ እጅጌ። ፒየሮ ላይ የማየው ይሄንን ትርፍ ነው። ልብሱ የተመልካቹ ነው፣ ቁመናውም የተመልካቹ ነው፣ ፊቱ ግን ገና የራሱ ነው። ሠዓሊው እዚያ ላይ እጁን ሰብስቧል፤ ለፊቱ አዝኗል፣ ስቋል የሚል ምልክት አልሰጠውም። ሳቲኑን እንደዚያ አብጠርጥሮ የሳለ ሰው ፊት መሳል አቅቶት አይደለም።

ስለዚህ «እኛን መሰለኝ» ያልሽው ትክክል ነው፣ «ለምን ከፋው» ያልሽውን ግን አልቀበልም።

አሁን ሥራ ልስጥሽ። ሌላ ቀን ስትሄጂ ወደ ፊቱ ከማየትሽ በፊት ትከሻውን እዪልኝ፤ ስፌቱ ከትከሻው አጥንት በታች ወርዶ እንደሆነ በፎቶ አልለይ አለኝ። የሱሪው ጫፍ ታጥፎ የተሰፋ ነው ወይስ እንዲሁ ተቆርጦ የቀረ? ቁልፎቹስ ሁሉም ተቆልፈዋል? ጠባቂው ካልተቆጣሽ ቅርብ ብለሽ በስልክሽ አንሺና ላኪልኝ። ከዚያ ደግሞ ፊት ለፊቱ እጅሽን ለቅቀሽ ቁሚና አብራሽ ያለችው ሰው አንቺንም ታንሳሽ፤ ድሮ ከመድረኩ ጀርባ እንደምትቆሚው። ፈገግ እንዳትይ።

ነጭ ሳቲን ጥሩ ጣቃ ገብቶልኛል። አንድ ነገር ልሰፋልሽ አስቤያለሁ፤ ምን እንደሆነ አልነግርሽም። ልክሽን ላኪልኝ፦ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ የእጅጌ ርዝመት። የድሮው ደብተሬ ላይ የተጻፈው ወገብ እስካሁን ያገለግላል ብዬ አላምንም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

እናቴ ሰላም ብላሻለች። «አጭር ከሆነ አልሰማም፣ ረጅም ትጻፍ» ብላለች።

ያንቺው፣
ልብስ ሰፊዋ